ከትልልቆቹ መድረኮች ወጥቶ የራስን ሰርቨር ማቆም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሃያ የማንሞላ ፎቶ ወዳጆች ነን። የምናወራውም፣ ፎቶ የምንለዋወጠውም፣ ለሕዝብ የምንለጥፈውም አንድ ትልቅ መድረክ ላይ ነበር። አንድ ቀን የግሩፑ አድሚን አካውንት ያለ ማብራሪያ ተዘጋ። ይግባኝ ተብሎ የተሞላው ፎርም መልሱ ሮቦት ነው። የዓመታት ውይይትና ፎቶ አብሮ ሄደ። በቃ፣ የራሳችንን እንሥራ ተባለ።

የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ቻት፣ የፎቶ ማከማቻ እና ለውጭ ሰው የሚታይ ገጽ። አንድ ቅድመ ሁኔታም አለን። ሰርቨሩን የያዘው ሰው፣ ማለትም እኔ፣ ነገ ብጠፋ ሌላው አባል ሁሉንም ይዞ ሌላ ቦታ መቀጠል መቻል አለበት። ይህ ካልተሟላ ያደረግነው ባለቤት መቀየር ብቻ ነው። ልዩነቱ አዲሱ ባለቤት ደሞዝ የለውም።

ማሽኑ

በእጃችን የነበረው 4 ጊጋባይት ራም ያለው ራስበሪ ፓይ 4፣ መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ነው። ሲስተሙ ኤስዲ ካርድ ላይ ተጫነ። ለሙከራ ያህል ይሆናል። ዳታቤዝ ግን ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ነገር ስለሚጽፍ ኤስዲ ካርድን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በዩኤስቢ አስማሚ ኤስኤስዲ ተሰካበት። ሥራ ሲበዛበት ዲስኩ ድንገት ይጠፋል። ሎጉን ሳይ የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል። ኃይል የሚሰጠው ተራ የስልክ ቻርጀር ነበር፤ ፓይ 4 ደግሞ 3 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። ያ ሲቀየር ተረጋጋ። ራሙ ግን አልበቃም።

አሁን ያለነው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ላይ ነው። 8 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ሥራ ሲፈታ ወደ 10 ዋት ገደማ ይበላል። ዴቢያን የሚባለውን ሊነክስ ጫንን፤ ሌላ የሚወራ የለውም።

ስሙ

ከሶፍትዌሩ በፊት ብዙ ያከራከረን ዶሜይኑ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስማችን ነው። ክርክሩ ትርፍ አልነበረም። በፌዲቨርስ (እርስ በርስ የሚነጋገሩ የተለያዩ ሰርቨሮች መረብ) ዓለም የአካውንት መታወቂያ ውስጥ ዶሜይኑ አለበት። ሌሎች ሰርቨሮች ያንን መታወቂያ ከቁልፉ ጋር ይዘውት ይቀመጣሉ። አንዴ ከተገናኙ በኋላ ዶሜይን ልቀይር ማለት ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

የወሰንነው እንዲህ ነው። የአባላት አድራሻ በዋናው ዶሜይን ይሁን። ሶፍትዌሩ የሚሮጠው ግን ንዑስ ዶሜይን ላይ ይሁን። በመሃል ዌብፊንገር የሚባል ትንሽ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) አለ፤ «ይህ ሰው የት ነው ያለው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥ። ዋናው ዶሜይን ጥያቄውን ወደ ንዑሱ ያስተላልፋል። ይህ መስተካከል ያለበት የመጀመሪያው አካውንት ከመከፈቱ በፊት ነው።

ዶሜይኑ የተመዘገበበት አካውንት ላይ ሁለት ሰው ይገባል። እድሳቱ በራሱ እንዲሆን ተደርጓል። ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወርም ተቆልፏል።

ደግሞ ራሳችንን አናሞኝ። ዶሜይን የሚከራዩት እንጂ የሚገዙት ነገር አይደለም። ዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ ማሽን አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት፣ ራሱ ከላይ ወደ ታች የተዋቀረ ዛፍ ነው። ጫፉ ላይ ከኤ እስከ ኤም የተሰየሙ 13 የሩት ሰርቨር አድራሻዎች አሉ። አይካን የሚባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ስሞቹን ያስተባብራል። ያልተማከለ የሚባለው ነገር ሁሉ የተማከለ ስም ላይ ነው የቆመው። ይህን ተቀብለን ቀጠልን። ስሙ በእጃችን እስካለ ድረስ ከሥሩ ያለውን ማሽን፣ አቅራቢውንም ሆነ ሶፍትዌሩን መቀየር ይቻላል።

ከውጭ መግባት

ጣጣው የጀመረው እዚህ ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርድ ተደረገ፤ ከውጭ የመጣውን ጥያቄ ወደ ቤቱ ማሽን ማሳለፍ ማለት ነው። ከውጭ ግን ወይ ፍንክች። ራውተሩ የተሰጠውን አድራሻ ሳየው በ100 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 በአርኤፍሲ 6598 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የውስጥ አገልግሎት የተለየ ነው። አንዱን የውጭ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል ማለት ነው። ወደ ውጭ መጥራት ይቻላል፤ ከውጭ መጠራት ግን አይቻልም። አይፒቪ4፣ አሮጌው የአድራሻ ሥርዓት፣ ያሉት አድራሻዎች ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ስላልበቁ ነው ይህ ሁሉ። ተተኪው አይፒቪ6 ቢኖር ይገላግለን ነበር፤ በእኛ መስመር ላይ ግን አልተከፈተም።

እኔ እንደሚመስለኝ ኢንተርኔቱን ወደ ጥቂት ድርጅቶች ከገፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቤት ያለ ማሽን ደንበኛ ብቻ እንዲሆን ተፈርዶበታል። አገልግሎት መስጠት የፈለገ ዳታ ሴንተር ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው የአንድ ትልቅ ድርጅት የቶኔል አገልግሎት ነው፤ ግንኙነቱ በእነሱ ሰርቨር በኩል ወደ ቤት ያልፋል። በቀላሉ ይጫናል። ነገር ግን ምስጠራው እነሱ ጋ ተፈትቶ እንደገና ይታሸጋል፤ ማየት ከፈለጉ ሁሉንም ያያሉ ማለት ነው። የወጣነው ከዚህ ስለሆነ ተውነው። ሁለተኛው በጣም ትንሽ ቪፒኤስ (ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ከቤቱ ማሽን ጋር በዋየርጋርድ፣ በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ማገናኘት ነው። ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊነክስ ከርነል ውስጥ ስላለ ብዙ የሚጫን የለም። የቤቱ ማሽን በየ25 ሰከንዱ አንድ ትንሽ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ይልካል፤ በሩ እንዳይዘጋበት።

ቪፒኤሱ ላይ ኤችኤፕሮክሲ የሚባል አሳላፊ ሶፍትዌር ብቻ ነው ያለው። የሚመጣውን ግንኙነት ለየትኛው ስም እንደሆነ አይቶ ሳይፈታ ወደ ቤት ያሳልፋል። ምስጠራው የሚፈታው ቤት ነው። ቪፒኤሱ ነገ ቢዘጋብን ሌላ ቦታ አዲስ መከራየት፣ ኮንፊገሬሽኑን መቅዳት፣ ዲኤንኤሱ ላይ አንድ መስመር መቀየር ነው። በውስጡ የእኛ የሆነ ምንም የለም።

ከዚያ አንድ የሚያሳብድ ችግር መጣ። ጽሑፍ ይሄዳል። ትንሽ ፎቶም ይሄዳል። ትልቅ ፎቶ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ስህተት የሚል መልእክት የለም፤ ዝም ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ኤችኤፕሮክሲ ነበር፤ የጊዜ ገደቦቹ ተነካኩ። ቀጥሎ ፋየርዎሉ ጠፍቶ ታየ። ምንም ለውጥ የለም። ነገሩ ኤምቲዩ ነበር፤ አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን። ዋየርጋርድ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፓኬት መጠን 1420 ባይት ያደርጋል። በመሃል ያለ አንድ መስመር ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚያሳልፈው፤ የበዛበትን ሳይናገር ይጥለዋል። 1280 አደረግነው፤ አይፒቪ6 ዝቅተኛ ብሎ የወሰነው መጠን ነው። ፎቶው ሰተት ብሎ አለፈ። ጽሑፍ እያለፈ ትልቅ ፋይል ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህ ይታይ።

ሰርትፊኬት፣ ለተመሰጠረ ግንኙነት የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን፣ የምንወስደው ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው። ነፃ ነው፤ የሚሰጠው ለ90 ቀን ነው፤ በራሱ ይታደሳል። ማረጋገጫው ግን መጀመሪያ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ቪፒኤሱ ላይ ፖርት 80 (የዌብ መግቢያ በር) ዝግ ነው። አንድ ስም በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ከወደቀ ጠብቁ ይላሉ። ለሙከራ የተለየ ሰርቨር ስላላቸው ከዚያ በኋላ እዚያ ነው የምንሞክረው። በመጨረሻ በዲኤንኤስ በኩል ማረጋገጥን መረጥን፤ ፖርት አይጠይቅም።

ቻት

መጀመሪያ ማትሪክስ የሚባለው የቻት ሥርዓት ተጫነ። ሰርቨሩ ሲናፕስ ይባላል፣ በፓይተን የተጻፈ ነው። ለእኛ ለራሳችን ምንም አልከበደውም። አንድ አባል ሺዎች ያሉበት የሕዝብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ማትሪክስ የክፍሉን ታሪክና ሁኔታ በየሰርቨሩ ይገለብጣል። ይህ ጥሩ ጎን አለው፤ አንዱ ሰርቨር ቢሞት ክፍሉ አይሞትም። ዋጋው ግን ዲስክና ራም ነው። ዳታቤዙ ከእኛ ወሬ ይልቅ የሌላ ሰው ወሬ ሞላው።

ወደ ኤክስኤምፒፒ ዞርን። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃበር ተብሎ የጀመረ አሮጌ ፕሮቶኮል ነው። ፕሮሶዲ የሚባለው ሰርቨር በሉዋ የተጻፈ ነው፤ ለእኛ ቁጥር ከ100 ሜጋባይት በታች ራም ነው የሚበላው። ብዙ ሰው ጊዜው አልፎበታል ይላል። እኔ አሮጌ መሆኑን ወደድኩት። የሚሰበር ነገር ካለ እስካሁን ተሰብሯል።

የኤክስኤምፒፒ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለበት። ጉግል ቶክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከሌሎች የኤክስኤምፒፒ ሰርቨሮች ጋር ይነጋገር ነበር። በ2013 ሃንግአውትስ ሲመጣ በሩ መዘጋት ጀመረ። ብዙ ሰው ያለው እነሱ ጋ ስለነበር ትንንሾቹ ሰርቨሮች ከጓደኞቻቸው ተቆረጡ። ፕሮቶኮሉ ክፍት መሆኑ ብቻውን አላዳናቸውም። ስለዚህ የእኛ ቻት ከውጭ ጋር መገናኘቱ እንደ ጉርሻ ነው፤ ዋናው በውስጥ መሥራቱ ነው።

አሁን ስለ ኖቲፊኬሽን። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ መልእክት መጣ ብሎ የሚቀሰቅሰው አካል ማን ነው? አይፎን ላይ የአፕል አገልግሎት ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። አንድሮይድ ላይ አብዛኛው አፕ የጉግልን ይጠቀማል። ሰርቨሩ የራስ ሆኖ ደወሉ የሌላ ነው። አንድሮይድ ያላቸው አባላት ኮንቨርሴሽንስ የሚባለውን አፕ ጫኑ። ይህ አፕ ከሰርቨሩ ጋር የራሱን ግንኙነት ይዞ መቆየት ይችላል። ነገር ግን አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ይገድሉታል። በየስልኩ ሴቲንግ ገብቶ የባትሪ ገደቡን ማንሳት ግድ ሆነ፤ ሜኑው ደግሞ በየስልኩ የተለያየ ነው። ከሰርቨሩ ይልቅ ይህ ሥራ ነው ጊዜ የበላው። አይፎን ያላቸው በአፕል በኩል ነው የሚቀሰቀሱት። የመልእክቱ ይዘት በዚያ እንዳያልፍ አደረግን፤ «መልእክት አለ» ብቻ ነው የሚለው።

ኦሜሞ የሚባለው፣ ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት ምስጠራ በርቷል። አዲስ ስልክ የገዛ አባል የድሮውን መልእክት ማንበብ አልቻለም፤ ለአዲሱ ቁልፍ አልተመሰጠረለትማ። ቅሬታው ብዙ ነበር። ትልቁን የጋራ ክፍል ያለ ኦሜሞ አደረግነው። ሁለት ሰው ለብቻ ሲያወራ ግን ይበራል። እዚያ የጋራ ክፍል ውስጥ የሚጻፈውን እኔ ማንበብ እንደምችል ለሁሉም በግልጽ ተነግሯል።

ለሕዝብ የሚታየው ገጽ

አክቲቪቲፐብ፣ የፌዲቨርስ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የደብልዩ3ሲ (የዌብ ደንቦችን የሚያወጣው ድርጅት) ስታንዳርድ ሆኗል። በእሱ የሚነጋገሩ ብዙ ሶፍትዌሮች አሉ። ታዋቂው ማስቶዶን ስለሆነ ከእሱ ጀመርን። አብረውት የሚሮጡት ፖስትግሬስ፣ ሬዲስ፣ ሳይድኪክ፣ ኖድ፤ ሁሉም ተሰብስበው ከማሽኑ ራም አብዛኛውን ወሰዱት። ለሃያ ሰው ይህ ያዝረከርካል።

ሌላው ችግር ባዶነት ነው። አዲስ ሰርቨር የሚያየው አባላቱ የሚከተሏቸውን ሰዎች ብቻ ነው። ገብቶ ያየ ሁሉ «ሰው የለም እንዴ?» ይላል። ለመሙላት ብለን ሪሌይ አገናኘን። ሪሌይ የብዙ ሰርቨሮችን ፖስት ሰብስቦ የሚያሰራጭ ነው። ገጹ ሞላ፤ ዲስኩም ሞላ። የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ በየደቂቃው ይወርዳል። ሪሌዩን አቋርጠን የፎቶ ወዳጆችን አድራሻ በእጅ እየፈለግን መከተል ጀመርን። ቀስ ይላል፤ ግን የሚመጣው የሚነበብ ነው።

ከዚያ ጎቱሶሻል ወደሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌር ተዛወርን። በጎ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፋይል ነው። ዳታቤዙ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ኤስኪውላይት መሆን ይችላል። የሚበላው ራም ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። የራሱ የማንበቢያ ገጽ የለውም፤ ለማስቶዶን የተሠሩ አፖች ይሠሩበታል። ገና ቤታ ነው፤ የሚጎድለው ነገር አለ። ማስቶዶኑን የሞከርነው በሌላ ንዑስ ዶሜይን ስለነበር ዋናው ስም አልተነካም።

እዚህም ሌላ ወጥመድ ነበር። ሁሉም ጎብኚ በዋየርጋርዱ በኩል ስለሚመጣ ለሶፍትዌሩ ሁሉም አንድ ሰው ይመስሉታል። አንድ ፖስት ትንሽ ሲሰራጭ ብዙ ሰርቨር በአንዴ ጠየቀ። ጎቱሶሻልም «ይህ ሰው አበዛው» ብሎ ሁላችንንም ዘጋን። መፍትሔው ኤችኤፕሮክሲ እውነተኛውን አድራሻ በፕሮክሲ ፕሮቶኮል እንዲያስተላልፍ ማድረግ፣ ከዚያም ቤት ያለውን አሳላፊ (ፕሮክሲ) እንዲያምነው ለጎቱሶሻል መንገር ነው።

ምዝገባ ዝግ ነው፤ የሚገባው በጥሪ ብቻ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ፌዲቨርሱን ያጥለቀለቀው ስፓም የመጣው ምዝገባቸው ክፍት ከነበሩና ጠባቂ ካጡ ትንንሽ ሰርቨሮች ነው። ትንሽ መሆን በራሱ ጨዋ አያደርግም።

ኢሜይል

ሞክረን ተውነው። ቪፒኤሱ ላይ ፖርት 25፣ ኢሜይል የሚያልፍበት በር፣ ዝግ ነው። ቢከፈት እንኳ አይፒው ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ያበላሸው ነው፤ የስፓም ዝርዝር ውስጥ አለ። የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ሁሉ ተሟልቶም ትልልቆቹ ተቀባዮች በጥርጣሬ ያዩታል። የኢሜይል መላኪያው ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ያልተማከለ ፕሮቶኮል ነው፤ በወረቀት ላይ። እኛ የአባልነት ጥሪ በሊንክ እንልካለን፤ የጠፋ ፓስወርድ በእጅ ይቀየራል። ሃያ ሰው ነን፤ አይገድልም።

ፎቶ

መጀመሪያ ያጓጓን አይፒኤፍኤስ የሚባለው የፋይል መለዋወጫ መረብ ነበር። ፋይሉ የሚጠራው ባለበት ቦታ ሳይሆን በይዘቱ አሻራ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ከለከለ። አንደኛ፣ የፋይሉን መለያ የያዘ ማንም ሰው ማውረድ ይችላል፤ የግል ፎቶ ደግሞ አለን። ሁለተኛ፣ ፋይሉን ፒን አድርጎ የሚይዝ ማሽን ከሌለ ይጠፋል። ዞሮ ዞሮ የራስ ማሽን ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት አለበት። ብዙ ግንኙነት በአንዴ ስለሚከፍትም የቤቱ ራውተር ያንቀላፋ ነበር።

ሲንክቲንግ፣ ፎልደሮችን በማሽኖች መካከል የሚያመሳስል ሶፍትዌር፣ አሸነፈ። ማሽኖቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ በመሃል ፋይል የሚያስቀምጥ አካል የለም። ለአንድሮይድ የነበረው ኦፊሴላዊ አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቆሟል፤ የምንጠቀመው ሌሎች የቀጠሉትን ፎርክ (ከዋናው የተቀዳ ቅጂ) ነው።

ከዚያ አንድ አባል ስልኩ ሞላና ጋለሪውን አጸዳ። ሲንክቲንግም ታዛዥ ነው፤ ማጽዳቱን ለሁላችንም አዳረሰ። የፎቶ ማኅደሩ ከየሰው ማሽን ላይ መጥፋት ጀመረ። ሰርቨሩ ላይ የፋይል ቨርዥኒንግ (የቀድሞ ቅጂ ማስቀመጥ) በርቶ ስለነበር ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስልኮች የሚልኩት የየራሳቸውን ፎልደር ብቻ ነው። የጋራውን ማኅደር ደግሞ የሚቀበሉ እንጂ የሚቀይሩ አይደሉም።

ባክአፕና ርክክብ

ባክአፑ ሬስቲክ በሚባል ሶፍትዌር ነው። ተመስጥሮ ሌላ አባል ቤት ወዳለ ማሽን በየሌሊቱ ይሄዳል። ኤስኪውላይት እየሠራ እያለ ፋይሉን ዝም ብሎ መቅዳት አይሆንም፤ ግማሽ የተጻፈ ነገር ሊቀዳ ይችላል። መጀመሪያ በራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ ግልባጭ ይወጣል፤ የሚላከው ያ ግልባጭ ነው።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታው ተፈተነ። የቤቱን ማሽን ሆን ብዬ አጠፋሁት። ስልኬንም ዘጋሁ። ባክአፑ ያለበት አባል ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሳ የተጻፈበትን ሰነድ ብቻ ይዞ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሁሉንም ማስነሳት ነበረበት።

ጎቱሶሻል ተነሣ። ሲንክቲንግ ምንም አልነበረበትም፤ እሱ ከመጀመሪያውም ማዕከል የለውም። ቻቱ ግን አልነሳም። የፕሮሶዲ ዳታ ባክአፕ ውስጥ አለ፤ ሰርትፊኬቱ ግን የለም። አዲስ ለማውጣት የዲኤንኤስ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ያለው በጠፋው ማሽን ላይ ብቻ ነው። የዶሜይኑ አካውንት ላይ ሁለት ሰው ይግባ ያልነው እዚህ ጠቀመ፤ ገብቶ አዲስ ቁልፍ አወጣ። የዋየርጋርዱን ቁልፍ ለመቀየርም የቪፒኤሱ ፓስወርድ አስፈለገ፤ እሱም እኔ ጋ ብቻ ነው። ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። ፈተናው እዚህ ላይ ወደቀ።

አሁን የቪፒኤሱ አካውንት ላይም ሁለት ሰው አለ። የሬስቲክ ፓስወርድ፣ የዲኤንኤስ ቁልፍና የዋየርጋርድ ቁልፎች በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ገብተው ሦስት አባላት ጋ ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ፈተና ቀን አልተቆረጠለትም፤ ቀኑን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ እኔ አልሰማም። ከዚያ በፊት የቀረ ሥራ፦ የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (መልሱ በሌሎች ዘንድ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 5 ደቂቃ ማውረድ፣ ሰነዱ ላይ የኤምቲዩውን ነገር መጨመር (ላፕቶፑ ላይ እንደገና ትልቅ ፎቶ ተንጠልጥሎ ነበር)፣ ለራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) መፈለግ።